በሞቴ አንድ ፓምፕ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ በልቼ ቀበቶዬን ትንሽ ካላላሁ በኋላ፣ ሕልም አየሁ። ሰው ጋደም ብሎ ነው ሕልም የሚያየው፤ እኔ ግን ከረባት አስሬ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነው ያየሁት። የተቀመጥኩትም የዩኒቨርሲቲዎች በጀት በሚደለደልበት አዳራሽ ውስጥ ነበር።

የጉሎ አፋፍ ዩኒቨርሲቲ የዕቅድና በጀት ዳይሬክተር ነኝ። ጉሎ አፋፍን የማያውቅ ሰው ቢኖር አይገርመኝም፤ በጀት የሚደለድሉልን ሰዎችም ካርታ ላይ ሲፈልጉን ይደክማቸዋል። ዩኒቨርሲቲያችን የተሠራው ዳገት አናት ላይ ነው። ቦታውን የመረጠው ሰው ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ነው ይባላል፤ ከዚያ ሲታይ ሜዳ ይመስላል። ወንዙ ከታች ነው፣ ተማሪዎቹ ከላይ ናቸው፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ፓምፕ ደግሞ የለም። ቧንቧው ተዘርግቷል። ሻወር ቤቱ በሴራሚክ ተለብጧል። የቀረው ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ባዶ ጄሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ሙሉውን ተሸክሞ ይወጣል። ገንዘብ ያለው፣ ተማሪዎቹ «ቦቴ» ብለው ስም ካወጡላት ውሃ አመላላሽ አህያ ባለቤት ይገዛል።

ባለፈው ወር ሰዓዳ የምትባል የፋርማሲ ተማሪ ከነጄሪካኗ ዳገቱ ላይ ተንሸራታ ክንዷ ተሰበረ። ወደ አዲስ አበባ ስነሳ፣ በጄሶ የታሰረውን ክንዷን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቢሮዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮስ ውሃው ይመጣል?» አለችኝ።

«ዘንድሮ ፓምፑን ሳላስፈቅድ አልመለስም» አልኳት።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ካመለጠኝ በኋላ ግን መንገዱን ሁሉ የፓምፑን ጥያቄ ደጋግሜ ሳነብ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ጠይቄያለሁ፤ ከልቤ የፈለግሁት ግን ያን ፓምፕ ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የበጀት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደሰንበት መድረኩ ላይ ተቀምጠው፣ አንድም ጊዜ ቀና ሳይሉ፣ የየዩኒቨርሲቲውን ጥያቄ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙ ነበር። የየዩኒቨርሲቲው ተወካይ እየተነሳ ድህነቱን ይዘረዝራል፣ እሳቸው ይሰርዛሉ፣ ተወካዩ ይቀመጣል። የእኛ ተራ ከምሳ በኋላ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠችው የተማሪዎች ዲናችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይኔን አየት አድርጋ፣ «እንዳትተኛ» አለችኝ።

«የምን መተኛት» አልኳት።

ወዲያው ራሴን ጉሎ አፋፍ፣ ዋናው በር ላይ አገኘሁት።

ከበሩ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ሰልፍ ነበር። ሰልፈኞቹ በሙሉ ሱፍ የለበሱ የመንግሥት ኃላፊዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በጀት የሞላበት ጆንያ በጀርባቸው አዝለዋል። ከሰልፉ ፊት አቶ ወልደሰንበት ቆመዋል። ኮታቸው በላብ ርሷል። የበር ጠባቂያችን ጋሽ ዱጋሳ ዱላውን አግድም ዘርግቶ ከልክሏቸዋል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ጋሽ ዱጋሳ።

«በጀት ልንሰጥ ነበር» አሉ አቶ ወልደሰንበት።

«የሚቀበለው ሰው ስብሰባ ገብቷል። ነገ ተመለሱ።»

«ትናንትም ነገ ተመለሱ ነው የተባልነው። ጌታዬ፣ ሰኔ ሊያልቅብን ነው። ካልተቀበላችሁን ገንዘቡ ተመልሶ እላያችን ላይ ይቀራል። ምን ይውጠናል?»

ከኋላ ያሉት ሰልፈኞች በሐዘን ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሽ ዱጋሳ ትንሽ አሰበና፣ «ፎቶኮፒ ይዛችኋል?» አለ።

«የምኑን?»

«የገንዘቡን።»

አቶ ወልደሰንበት ጆንያቸውን እንዳዘሉ ፎቶኮፒ ቤት ፍለጋ ወደ ከተማ ሮጡ። ወዲያው ተመለሱ። «መብራት የለም አሉኝ» ብለው በሩ ሥር ቁጭ አሉ። አንጀቴን በሉት። እኔ ራሴ በሳቸው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ስንቴ እንዲህ እንደተቀመጥኩ ትዝ ቢለኝም፣ በሕልሙ ውስጥ ቂም መያዝ ነውር ነበር።

ወደ ግቢው ገባሁ። መንገዴ በትልቁ የትምህርት አዳራሽ በኩል ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ወደ ውስጥ አየሁ። ፕሮፌሰሮቹ ዴስክ ላይ ተደርድረው ይጽፋሉ፤ የሚያስተምረው አንድ ካርቶን ነው። አወቅሁት። አንድ ጊዜ በሰኔ መጨረሻ፣ በጀቱ እንዳይመለስብን ብለን በጥድፊያ የገዛነው የላቦራቶሪ ማሽን ነው፤ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም።

«እኔን ለመክፈት ሥልጠና ያስፈልጋል» ይላል ካርቶኑ። «ሥልጠናው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይያዛል። ጻፉ።»

ፕሮፌሰሮቹ ጻፉ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ይቅርታ፣ ውስጥህ ያለው ምንድን ነው?» አለ።

«እሱ ፈተና ላይ ይመጣል» አለ ካርቶኑ።

ከዚያ ኳስ ሜዳው ላይ ወደተተከለው ድንኳን ደረስኩ። ድልድሉ እዚያ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ ተቀምጠዋል። ተወካዮቻቸውን ማለቴ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው፣ ከነሕንፃቸው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔም ራሴን ዝቅ ብዬ ሳየው ሰው አልነበርኩም። ጉሎ አፋፍ ነበርኩ። ደረቴ ላይ መስታወት ያልገባላቸው መስኮቶች ነበሩኝ። ሆዴ ውስጥ ተማሪዎች ይንጫጫሉ። ጉልበቴ አካባቢ ደግሞ ሰዓዳ በአንድ እጇ ጄሪካን ይዛ ደረጃ ስትወጣ ይሰማኝ ነበር።

አቀማመጡ በዕድሜ ነበር፤ ግን ተገልብጦ። ትናንት የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች ከላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አንጋፋዎቹ ከታች በሩ አጠገብ፣ አግዳሚ ላይ ናቸው። ከአንጋፋዎቹም ሁሉ አንጋፋው ከዘራውን አስቀምጦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እኛን ታናናሾቹን እጅ ያስታጥብ ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ውሃው እጄን ሲነካኝ ደነገጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ ቀዘቀዘህ?» አለኝ።

«አይ፣ ስላልለመድኩት ነው» አልኩት።

የድልድሉን ቀመር ያወጣችው ቦቴ ነበረች፤ ያቺ አህያ። መነጽር አድርጋለች። ከመድረኩ ላይ ሆና ጉሮሮዋን አጸዳችና ማብራሪያ ጀመረች።

«ድልድሉ የሚሠራው በጭነት ነው» አለች።

«በተማሪ ብዛት ማለት ነው?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«በጭነት አልኩ እኮ። ማን ምን ያህል ተሸክሞ ዝም እንዳለ፣ እሱን ነው የምንለካው።»

«ያጉረመረመስ?»

«ያጉረመረመ አልተጫነም ማለት ነው።»

ሁሉም ትክክል ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ፤ አንድ ሁለት መስኮቶቼ ተንኮሻኮሹ። ቦቴ ወረቀቷን ገለበጠችና ወደ እኔ ሳታይ፣ «በጉሎ አፋፍ የውሃ ጉዳይ ላይ ግን ድምፅ አልሰጥም፤ የጥቅም ግጭት አለብኝ» ብላ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ከዚያ አስተናጋጆቹ ገቡ። ውጭ የተሰለፉት ኃላፊዎች ናቸው፤ ጋሽ ዱጋሳ በመጨረሻ አዝኖላቸው ለቋቸዋል። ሽርጥ አገልድመው፣ ትሪ ተሸክመዋል። ትሪዎቹ ላይ ላቦራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የመምህራን መኖሪያ ቤት፣ አስፋልት፣ ሁሉም ለጉርሻ እንዲመች ተጠቅልሎ ተደርድሯል። አቶ ወልደሰንበት ቀድመው ወደ አንጋፋው ሄዱና አጎነበሱ።

«ብሉልን እንጂ» አሉ።

«አይ፣ እኛ ከቤታችን በልተን ነው የመጣነው» አለ አንጋፋው።

«በሞቴ።»

«ኧረ ጠግበናል። ለታናናሾቻችን ይሁን።»

«አፈር ስሆን፣ ይቺን አንዷን ላቦራቶሪ ብቻ።»

«እንግዲህ ለእናንተ ስንል» አለና አፉን ከፈተ። ላቦራቶሪው ገባ። ቀጥሎ፣ ጉርሻ ለብቻው አይሆንም ተብሎ ሁለተኛ ተጨመረ። ሦስተኛው ላይ እንቢ ብሎ እጃቸውን ሲገፋ ደግሞ አንድ ሙሉ ሆስፒታል አጎረሱት። እያኘከ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አጠገቤ ፍራሽ ላይ አንድ በጣም ወጣት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ነበር። አጥሩ እንኳ አላለቀም። አቶ ወልደሰንበት ትሪውን ሲያቀርቡለት፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለና እጁን ሰደደ።

አንድ ሰው ሳል ጀምሮ ተወው። አቶ ወልደሰንበት ትሪውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«አሳዳጊ የለውም እንዴ?» አሉ፤ ተቆጥተው አይደለም፣ አዝነው ነው።

ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው አስወጡት። በድንኳኑ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ኮሌጅ ሆኗል።

ሥርዓቱ ገባኝ። ደግሞስ እንዴት አይገባኝም፤ ስንት ሰርግና ስንት ክርስትና ያሳለፍኩበት ሥርዓት ነው። የሚፈልጉትን ነገር እንቢ ማለት፣ ሲለምኑ ማስለመን፣ መጨረሻ ላይ ለሰው ብሎ መብላት። በዚህ በኩል እኛ ጉሎ አፋፎች ማንም አይደርስብንም። በበጀት አዳራሽ ውስጥ ይህ ችሎታዬ ከንቱ ሆኖ ሲቀር ስላየሁት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሲሠራ ማየቱ ደስ አለኝ።

ከእኔ በፊት የወረጎ ዩኒቨርሲቲ ተራ ደረሰ። ወረጎ በግቢው ውስጥ ወንዝ የሚያልፍበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሲተነፍስ እንኳ ከሆዱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። በጣም አሳምሮ እንቢ አለ። አንድ ጊዜ «ሐኪም ከልክሎኛል» ሁሉ አለ። ጣሪያ ያለው ስታዲየም አጎረሱት።

ከዚያ አቶ ወልደሰንበት እኔ ፊት ተንበረከኩ። ትሪያቸው ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፓምፕ። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ከአፉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ምራቄን ዋጥኩ። ጉልበቴ አካባቢ ሰዓዳ ጄሪካኗን አስቀምጣ ቆመች። ሆዴ ውስጥ ይንጫጩ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ።

«ይቺን እንኳ» አሉኝ።

እሺ የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ውጭ ኮሌጅ ሆኖ የቀረውን አሰብኩና መለስኩት።

«አይ፣ ይቅርብን» አልኩ።

«በሞቴ።»

«እውነቴን ነው። እኛ አልጠማንም።»

«አፈር ስሆን!»

ቦቴ ከመድረኩ ላይ ቀስ ብላ፣ «በደንብ እንቢ በል፤ ሦስተኛው ላይ ነው የሚያጎርሱት» አለችኝ። የጥቅም ግጭቷን ረስታ ስለረዳችኝ ልቤ ተነካ። ተነሳሁ። ከተነሳሁ አይቀር ብዬ ደግሞ የሚያምር እንቢታ አዘጋጀሁ።

«የተከበራችሁ ወገኖቼ» አልኩ። «ጉሎ አፋፍ ውሃ አያስፈልገውም። ተማሪዎቻችን ዳገቱን ለምደውታል። የስፖርት ሳይንስ ክፍላችን ሌላ መሣሪያ የለውም፤ ዳገቱ ይበቃዋል። ሻወር ቤታችንም ውሃ ስላልነካው እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ያበራል። እኛ ሳንታጠብ መማር እንችላለን። ይህን ፓምፕ ከእኛ ይልቅ ለሚያስፈልገው፣ ለወንድማችን ለወረጎ ስጡልን። እኛ ይቅርብን።»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአድናቆት አጉተመተሙ። እንደዚህ ያለ እንቢታ ሰምተው አያውቁም። አንጋፋው በፎጣው ዓይኑን ጠረገ። አቶ ወልደሰንበት ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጠው ፓምፑን በሁለት እጃቸው አነሱ፤ ወደ አፌ አስጠጉት። የውሃው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን «በሞቴ» ሊሉ ከንፈራቸው ተላቀቀ። እኔም አፌን ከፈትኩ።

ጎኔን አንድ ነገር ወጋኝ። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ክርን ነበር።

ነቃሁ። ቆሜያለሁ። አፌ ተከፍቷል። እጄ ላይ ማይክራፎን አለ። ድንኳኑ የለም፤ አዳራሹ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ ያየኛል።

«ስምህ ሲጠራ ተነስተህ ማይኩን ስትቀበል የነቃህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ነካህ? ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ?»

ወዲያው ጭብጨባው ጀመረ። በመጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከየአቅጣጫው። መድረኩ ላይ አቶ ወልደሰንበት ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቀና አሉ። ዓይናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ደግ ዓይን ነበር።

«እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ፣ ይቅርብን የሚል ዩኒቨርሲቲ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ሌሎቻችሁ ከጉሎ አፋፍ ተማሩ።»

«የለም፣ ክቡር ኃላፊ» አልኩ። «ፓምፑን እንፈልገዋለን። በጣም እንፈልገዋለን።»

«አይ፣ አሁን ደግሞ ይሉኝታ ይዞዎት ነው። አያስቡ፣ አናስጨንቅዎትም። እንቢ ካሉ እንቢ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብድግ ብላ፣ «ተኝቶ ነበር! እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው የተናገረው!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወልደሰንበትም ሳቁ። እንዲህ ያለ ትሕትና የቀረ መስሏቸው እንደነበር ተናገሩና ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ልጅ ዞሩ። «የጉሎ አፋፍ የፓምፕ በጀት በራሳቸው ፈቃድ ለወረጎ ተዛውሯል ብለህ ያዝ። ወረጎዎች፣ ምን ነበር የተሰረዘባችሁ?»

«ዋናው በራችን ላይ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ» አለ ከፊቴ የተቀመጠው የወረጎ ተወካይ።

ተስፋዬ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ። ሽበታም፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ሰውዬ ነው። ምሳችንን አብረን ነበር የበላነው፤ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ላጎርሰው ብዬ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያልኩ ስንት ለምኜው ነው አፉን የከፈተልኝ። አሁንም አንድ ጊዜ ብቻ «አይ፣ ለነሱ ይሁን» ቢል ይበቃኛል። ለወጉ ያህል ቢል እንኳ፣ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ቀልቤ እይዘዋለሁ። ትከሻውን በጣቴ ነካ አደረግሁት። ዞር ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ።

«ተቀብለናል» አለ በማይክራፎኑ።

ቀጣዩ ዩኒቨርሲቲ ተጠራ።